ዲኤክሴ በሌሊት ጮኸች፦ የራዲያተር ውሃ ሲጎድል የሚጮኽ አላርም ሠርቼ ነበር፣ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

ባለዲኤክስ (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ታሪኩ ግን ይረዝማል። ታገሱኝ።

ትናንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መኪናዬ መጮኽ ጀመረች። ክላክስ አይደለም። እኔው በእጄ የሠራሁት አላርም ነው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ጮኸ። ዘበኛው ሌባ መስሎት ፊሽካ ነፋ። ጋቢዬን እንደተከናነብኩ፣ አንድ እግሬ ጫማ አንዱ ባዶውን፣ ወጥቼ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ "ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ። "ውሃ ጎድሎ ነው" አልኳት። "እኛም ቤት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነው" አለችና መስኮቷን ዘጋች።

አላርሙን ለምን እንደሠራሁት ልንገራችሁ። መኪናዋ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ 4ኬ ሞተር። ባለፈው ጥር እናቴን ይዤ ደብረ ታቦር ለዘመድ ሰርግ እየወጣን ነበር። ወረታን አልፈን፣ ዓለም በርን ለቅቀን ዳገቱን ተያያዝነው። ዓይኔ የሙቀት ጌጁ ላይ ነው። የዲኤክስ ሰው መቼም ከመንገዱ ይልቅ ጌጁን ነው የሚያየው። መርፌው ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ ቆይቶ፣ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። "እማዬ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ሞተሩም በረደለት" አልኳት። እሷ ግን "ምንድን ነው የሚሸተኝ?" አለች። "ገበሬ ገለባ እያቃጠለ ይሆናል" ብዬ መንዳቴን ቀጠልኩ።

ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄድንም። ጉልበቷ አለቀ፣ ሞተሩ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ተንጣጣ፣ ቀጥ አለች።

የታችኛው የራዲያተር ጎማ (የውሃ ቱቦው) ተሰንጥቆ ውሃው በሙሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። መርፌው የወረደው ሞተሩ በርዶ አልነበረም። የጌጁ ሴንሰር የሚለካው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው። ውሃው ሲያልቅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አየር ደግሞ ሙቀቱን እንደ ውሃ አያደርስለትም። ሞተሩ እየነደደ ጌጁ "በርዷል" ይለኛል። ይህን ያወቅሁት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣሞ ሬክቲፊካ (ማስተካከያ) ከገባ፣ ጓርኒሲዮኑም (ማሸጊያው) ከተቀየረ በኋላ ነው። እማዬ ሰርጉን በሚኒባስ ደረሰችበት። እኔ በተጎታች ወረታ ተመለስኩ።

ስለዚህ ሙቀቱን ሳይሆን ውሃውን ራሱን የሚጠብቅ ነገር ፈለግሁ። ውሃ ኤሌትሪክ ያስተላልፋል አይደል? ከብስክሌት ጠጋኝ ሁለት ራጂ (የብስክሌት ጎማ ሽቦ) ገዛሁ። ያው በባሕር ዳር ራጂ እንደ ዳቦ ነው፣ የትም ይገኛል። ከራዲያተሩ ጎን ባለው ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ክዳን ላይ ሁለት ቀዳዳ በስቼ ሰካኋቸው። ከአንዱ ጋር ከባትሪው 12 ቮልት በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አገናኘሁ። ሌላውን ቢሲ547 ትራንዚስተር ቤዝ (መቆጣጠሪያ እግሩ) ላይ አሰርኩት። ትራንዚስተሩ ሪሌ (በኤሌትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይይዛል። ውሃው ካለ ሪሌው እንደተያዘ ይቆያል፤ ውሃው ካለቀ ሪሌው ይለቅና ባዘሩ ይጮኻል። በቁልፍ የሚበራውን ሽቦ ስላላገኘሁት ኤሌትሪኩን በቀጥታ ከባትሪው ነው የሰጠሁት።

ሦስት ሳምንት እንደ ሰዓት ሠራ። ትናንት ግን ውሃው ሞልቶ እያለ ጮኸ። ዛሬ ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ፖዘቲቭ ያለበት ራጂ እንደ መርፌ ቀጥኖ ከመሃሉ ተበጥሷል። ሌላኛው ደህና ነው። ውሃውማ የነሐሴ ዓባይ መስሏል፣ ቡናማ።

ራጂው ለምን ተበላ? በምንስ ልተካው? ደግሞ ይህን ነገር መኪና ላይ ያሰረ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገው ይንገረኝ።

---

የጎንደር መስመር

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እናትህ እንኳን በሰላም ገቡ። እኔ ዶልፊን ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ ባሕር ዳር–ጎንደር። እንዳንተ ያለ ነገር አላሠርኩም፣ የማሰርም ሐሳብ የለኝም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ በጣቴ አያለሁ። ሐሙሲት ቁርስ ስንበላ ደግሞ ከሥር ጠብታ መኖሩን ጎንበስ ብዬ አያለሁ። አለቀ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የራዲያተሩን ክዳን ቀይረሃል? ብዙ ሰው ጎማ ይቀይራል፣ ቴስታታ ያስልጣል፣ ክዳኑን ግን ያንኑ አሮጌውን መልሶ ይከድናል። ላስቲኩ ደርቆ ከሆነ ግፊት አይይዝም፣ ውሃህን በየዳገቱ ይተፋዋል። አላርም ሳታስብ በፊት ክዳንና ጎማ ቀይር። አደራ፣ ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትነካ። አንድ ረዳቴ ክንዱ ላይ ምልክቱ እስከ ዛሬ አለ።

---

የፖሊ ልጅ

ከላይ የጻፈው ወንድማችን ስለ ክዳኑ ያለው ልክ ነው። ቁጥሩን ልጨምርበት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ 100 እስኪሆን አይጠብቅም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች 91 ላይ። እናቶቻችን "እዚያ ላይ ባቄላ አይበስልም" የሚሉት ለዚህ ነው። የብዙ አሮጌ ቶዮታ ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው) 82 ላይ ይከፈታል። በመሃሉ ያለችው ልዩነት ጠባብ ናት። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ካለህ ግን ባሕር ዳር ላይ መፍያው ወደ 115 ከፍ ይላል። ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለውን ፈሳሽ) ከቀላቀልክበት ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። "እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርግልኛል" የሚል ሰው ብዙ ነው። ዝገት መከላከሉንና መፍያውን ከፍ ማድረጉን ይረሳዋል።

አሁን ወደ ራጂህ። ራጂው አልዛገም፣ ተበላ እንጂ። በውሃ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌትሪክ ስትልክ ከፖዘቲቩ በኩል ያለው ብረት እየሟሟ ይሄዳል። ባንተ ሬዚስተር በግምት 4 ሚሊ አምፔር ያህል እያለፈ ነበር። ያውም ቀንና ሌሊት፣ መኪናዋ ቆማም። አስላው፦ በቀን 0.1 ግራም ያህል ብረት ይሄዳል። ራጂ ራሱ ምን ይመዝናል? ሦስት ሳምንት መቆየቱም ጎበዝ ነው። በነገራችን ላይ ራጂህን ማግኔት አስነካው። በደንብ ከያዘው ተራ ብረት ላይ ዚንክ የተቀባ ነው። እስቴንለስ ቢሆን ማግኔቱ ወይ አይዘውም፣ ወይ በጣም ትንሽ ነው የሚይዘው።

ሪሌውን ተወው። ነገሩን ገልብጠው። ከ12 ቮልት በ470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ቤዝ አምጣ። ውሃ ውስጥ ያለው ብረት አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱንም ከዚያው ቤዝ ጋር አገናኘው። ውሃው ራዲያተሩን ይነካል፣ ራዲያተሩንም በቦዲ ነጌቲቭ አድርገው። ውሃ ሲኖር ቤዙን ወደ ነጌቲቭ ይጎትተዋል፣ ትራንዚስተሩም ዝም ይላል። ውሃ ሲጠፋ 470 ኪሎ ኦሙ ቤዙን ያነሳዋል፣ ባዘሩ ይጮኻል። በውሃው የሚያልፈው 0.025 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ ብረትህ ዓመታት ይቆይልሃል።

470 ኪሎ ኦም የሚሰጠው ጅረት ትንሽ ስለሆነ አንድ ቢሲ547 ባዘሩን በደንብ ላያስጮኸው ይችላል። ሁለት ቢሲ547 በዳርሊንግተን (አንዱ ሌላውን እንዲነዳ አድርገህ) አያይዝ፣ ወይም ቢሲ517 ካገኘህ እሱ ለብቻው ይበቃል። ከቤዝ ወደ ነጌቲቭ ደግሞ 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አስገባ። አደባባይ ስትዞር ውሃው ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል፤ ካፓሲተሩ አምስት ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል። ኤሌትሪኩን በቁልፍ ከሚበራ ፊውዝ ውሰድ፣ 1 አምፔር ፊውዝ ጨምር፣ በመግቢያው ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ (ጅረቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አድርግ። የዚህ ጥሩነቱ ሽቦው ቢበጠስም ይጮኻል። ያንተ የድሮውም በዚህ በኩል ጥሩ ነበር፣ ትናንት የጮኸው ለዚያ ነው። ተበጥሶ ዝም የሚል አላርም ቢሆን ኖሮ ዛሬም ደህና ነኝ ብለህ ደብረ ታቦር ትወጣ ነበር።

---

ታንኳ ቀዛፊ

በሌሊት ጋቢ ለብሶ ባትሪ የሚነቅል ሰው። ያንን ሳስብ ሳቄ አልቆም አለኝ። እኛ ታንኳ ላይ የውሃ አላርም አያስፈልገንም፣ ከገባ እግራችን ይነግረናል።

---

ራዲያተር ጠጋኝ (የሚጽፍላቸው ልጃቸው ነው)

ልጆቼ፣ ጽሑፉን ልጄ አነበበልኝ። ሠላሳ ዓመት ራዲያተር ጠግኛለሁ፣ ኤሌትሪኩን ግን ለእናንተው ተውኩት። ስለ ቦታው ብቻ ልናገር።

ያ ነጩ ፕላስቲክ ትርፍ ውሃ መያዣ ነው። ራዲያተሩ ሲግል የሚተፋውን ይቀበላል፣ ሲበርድ መልሶ ይሰጠዋል። የሚሰጠው ግን የራዲያተሩ ክዳን ደህና ከሆነ፣ ጎማውም አየር ካልሳበ ነው። ሲበላሽ ምን ይሆናል? ራዲያተሩ ባዶ፣ ፕላስቲኩ ሙሉ። ስንቱን ሰው "ውሃዬ ሙሉ ነው" እያለ የተቃጠለ ሞተር ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። አንተም ልጄ፣ ራጂህ ባይበላ ኖሮ እንኳን፣ በዚያ በደብረ ታቦሩ ቀን ቢኖርህ ላያድንህ ይችል ነበር። የታችኛው ጎማ ሲሰነጠቅ ውሃው በሥር ነው የሚሄደው። ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ምን ገዶት?

ጠባቂው መቀመጥ ያለበት የራዲያተሩ የላይኛው ሳጥን ላይ ነው። የዲኤክስ ራዲያተር የድሮው ነሐስ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። አሮጌ ካንዴላ (ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ፈልግ። ነጩ ሸክላ ሙቀትም ግፊትም የለመደ ነው፣ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ከጎን የታጠፈችውን ጥርስ ቁረጣት፣ የመሃሏ ብቻ ትቅር። ለካንዴላው ልክ የሚሆን የነሐስ ዳዶ ከላይኛው ሳጥን አናት ላይ በሊድ ይጣበቃል። በጋዝ እንዳታስበይደው፣ ሌላው ማያያዣ ሁሉ ቀልጦ ይወርዳል። ካንዴላው አፉን ወደ ታች አድርጎ ይቁም። በጎን ካስገባኸው በቅርፊቱና በሸክላው መሃል ውሃ ይቀራል፣ ያ የቀረው ውሃ ይዋሽሃል። ከጫፉ ላይ አጭር የእስቴንለስ ዘንግ ካስቀጠልክበት ደግሞ ውሃው ትንሽ ወረድ ሲል ይነግርሃል።

ደግሞ በዚያ አጋጣሚ ራዲያተሩ ይታጠብ። የጉድጓድ ውሃ ስትሞላበት የኖርክ ከሆነ ውስጡ የሻይ ጀበና ነው የሚመስለው።

---

የፖሊ ልጅ

ጋሼ፣ እርስዎ ባይመጡ ኖሮ ይህን ልጅ በፕላስቲኩ ዕቃ አሳስተነው ነበር። እኔም አላሰብኩትም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ካንዴላው ቁጥሩ ላይ "አር" ፊደል ያለበት ከሆነ ውስጡ 5 ኪሎ ኦም ያህል ሬዚስተር አለው። በዳርሊንግተን ችግር አይሆንም፣ በአንድ ትራንዚስተር ግን ሊያሳስት ይችላል። ከተገኘ "አር" የሌለበት ይሁን።

---

የጎንደር መስመር

እኔ ግን አሁንም የማምነው ጣቴን ነው። ይልቅ የፖሊው ልጅ፣ ኩላንት ከገባበት ይህ ነገርህ አይታለልም? ኩላንት እኮ ቅባት ነገር ነው፣ ውሃው ከወረደም በኋላ ሸክላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

---

የፖሊ ልጅ

አይ አንተ ሰውዬ፣ አላርም አልፈልግም ብለህ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅህ። ልክ ነህ። 470 ኪሎ ኦም ስናደርግ እስከ 50 ኪሎ ኦም ድረስ "ውሃ አለ" ይላል። በሸክላው ላይ የቀረች ቀጭን እርጥበት ልትሸውደው ትችላለች። ኩላንት ከተራ ውሃ በጣም የበለጠ ኤሌትሪክ ስለሚያስተላልፍ ያን ያህል ንቁ ማድረግ አያስፈልግም። ሬዚስተሩን 100 ኪሎ ኦም፣ ካፓሲተሩን 470 ማይክሮ ፋራድ አድርገው። መዘግየቱ ያው አምስት ሰከንድ ይሆናል። ከ10 ኪሎ ኦም በላይ የሆነውን ግን "ውሃ የለም" ብሎ ይቆጥረዋል። የሚያልፈው ጅረት ወደ 0.1 ሚሊ አምፔር ከፍ ይላል፣ ቁልፍ ሲጠፋ ስለሚቆም ግን ምንም አይደል።

---

ባለዲኤክስ (ከ16 ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼ እርስዎን። ያለቀው እንዲህ ነው።

ራጂዬን ማግኔት አስነካሁት፣ ግጥም አድርጎ ያዘው። ብስክሌት ጠጋኙ "እስቴንለስ ነው" ብሎኝ ነበር። ትቼዋለሁ።

ራዲያተሩ ነሐስ ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ጠጋኝ ስለ ካንዴላው ስነግረው ቀና ብሎ አየኝና "መኪናዋን በውሃ ልታስነሳት ነው?" አለኝ። ከገባው በኋላ ግን ወደደው፣ ዳዶውን ከራሱ ዕቃ ነው ያወጣልኝ። ሲያጥበው የወጣውን አልነግራችሁም። አዲስ ክዳን፣ ሁለት አዲስ ጎማ፣ ኩላንት ገባ።

ኤሌትሪኩን በመጀመሪያ ያሰርኩት በ470 ኪሎ ኦሙ ነበር፣ እጄ ላይ እሱ ስለነበረ። ከዚያ ፈተንኩት። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ቁልፉን አብርቼ፣ ከራዲያተሩ ሥር ባለው ማፍሰሻ ኩላንቱን በሃይላንድ ጠርሙስ እየለካሁ አወጣሁ። አንድ ሊትር ዝም። ሁለት ሊትር ዝም። በክዳኑ በኩል ሳይ ዘንጉ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ አላርሙ ግን አይተነፍስም። የጎንደር መስመሩ ወንድሜ ያልከው እርጥበት እሱ ነው። በጨርቅ ስጠርገው ጮኸ። ሬዚስተሩን ወደ 100 ካወረድኩ በኋላ ሞልቼ ደገምኩት። አንድ ሊትር ተኩል ላይ ፒፒፒፕ። መጀመሪያ በቀጭኑ ይጀምርና ቀስ እያለ ይጎላል። ያወጣሁትንም በጠርሙሱ መልሼ ሞላሁበት።

ካፓሲተሩን ሳላስገባ አንድ ቀን ነድቼዋለሁ፣ የሰነፍ ነገር። በየአደባባዩ ጢጥ ይል ነበር። ካስገባሁት ወዲህ ቤዛዊት ዳገትን ሁለቴ ወጥቻለሁ፣ ድምፅ የለም። ከክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ሥር አንዲት መጫኛ አድርጌያለሁ፣ ስጫናት የካንዴላውን መስመር ትቆርጠዋለች። ጠዋት ጠዋት አምስት ሰከንድ እጫናለሁ፣ ከጮኸ በሕይወት አለ ማለት ነው። የጎንደር መስመሩን ጣትም አልተውኩም፣ እሱንም አስነካለሁ።

ጎረቤቴ ትናንት ጠዋት ስፈትነው ሰማችና "ዛሬም ጎደለ?" አለችኝ። "አይ፣ አለ" አልኳት። "እንግዲያ አንድ ባልዲ ስጠኛ" ብላ ባልዲዋን ይዛ መጣች።

ቅዳሜ ደብረ ታቦር ልንወጣ ነው፣ ለክርስትና። እማዬ ከፊት ነው የምቀመጠው ብላለች። ጌጁን ሳይሆን አፍንጫዋን እንደምታምን፣ ደግሞም ያ ነገር አንዴ ከጮኸ እዚያው ወርዳ ሚኒባስ እንደምትጠብቅ ከወዲሁ ነግራኛለች።